ሰጋቱራ ለሰው አይላክም

ጊደሯ በሞተች በማግስቱ የኦቦ ቀጄላ በረት ተዘጋ። የዘጋው ገብረየስ የሚባል የከብት ሐኪም ረዳት ነው። በሩ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረ፤ ወረቀት አውጥቶ ኦቦ ቀጄላን በአውራ ጣታቸው አስፈረመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ በሬዎች፣ ሦስቱ ላሞችና አንዱ ጥጃ ከበረት እንዳይወጡ ተከለከለ። ሣርና ውሃ በሸክም ይገባላቸው ጀመር።

ጊዜው የሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ግንቦት ነው። ሱሉልታ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሏል። ጎረቤት ሁሉ ጠምዷል። ጉራቻና ዳለቻ፣ ማለት ጥቁሩና ግራጫው በሬ፣ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው የሰው በሬ ሲያርስ ያያሉ።

ገብረየስ የጊደሯን ሆድ ከፍቶ ሲያይ ቆየና እጁን በመድኃኒት ታጠበ።

"ደስታ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል" አለ።

ደስታ የሚሉት በሽታ ምን እንደሆነ ኦቦ ቀጄላ ያውቃሉ። አያታቸው የስድሳ ከብት ጌታ ነበሩ። ደስታ ገብቶ ሲወጣ አንዲት ላም ቀረቻቸው።

"ታዲያ የትኛው ነው?" አሉ።

"እኔ በዓይኔ አይቼ አልፈርድም። የሚፈርዱት ናይሮቢ ያሉ መርማሪዎች ናቸው። ከጣፊያዋና ከዕጢዋ ቆርጬ በአውሮፕላን እልካለሁ።"

"ደስታ ነው ካሉ?"

"ከብቶቹ በጥይት ተመተው ይቀበራሉ።"

"አይደለም ካሉ?"

"በሩ ይከፈታል።"

"ዝም ካሉስ?"

ገብረየስ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ቀጭን፣ የደከመው ሰው ነው።

"በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ መልስ ካልመጣ እንደ ደስታ ይቆጠራል። ደንቡ ነው፣ ኦቦ ቀጄላ። እኔ አላወጣሁትም።"

ጊደሯን አቃጥለው ከኖራ ጋር ቀበሯት። እንደገና ልቁረጥ ቢባል የሚቆረጥ ነገር አልቀረም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ገብረየስ ከደጃፉ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ያሽግ ጀመር። ኦቦ ቀጄላ አጠገቡ ቆመው ዓይናቸውን ከእጁ አልነቀሉም። ቁራጩ ሥጋ መድኃኒት ባለበት ብልቃጥ ገባ። ብልቃጡ ተከድኖ በሰም ታተመ። ከዚያ በጥጥ ተጠቅልሎ ጣሳ ውስጥ ገባ። የጣሳው ክዳን ዙሪያውን በተለጣፊ ታሸገ። አውራ ጣት የምታክል ሥጋ ለማስቀመጥ ይህ ሁሉ ለምን እንደሆነ አልገባቸውም። ጠየቁ።

"አንዱ ቢሰበር ሌላው እንዲይዘው ነው" አለ ገብረየስ።

"ይሰበራል ከተባለ ለምን በብልቃጥ ይሆናል?"

"ደንቡ ነው።"

ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤታቸው ነገሳ ሞፈሩን ተደግፎ ይመለከታል። በሬዎቹን እንዳይለክፉበት ሦስት ቀን ሙሉ ወደ አጥሩ አልቀረበም፤ ምላሱ ግን አላረፈም።

"ኦቦ ቀጄላ! እኛን ሥጋ ነፍገው ለናይሮቢ በአውሮፕላን ይልካሉ?"

"መጥተህ ቅመስ!" አሉት።

ገብረየስ ጣሳውን አንሥቶ በጣቱ መታ መታ አደረገው። "ይኼን ማንም እንዳይከፍት። አደራ።" ከዚያ በእንጨት ሣጥን ውስጥ አስቀመጠው፤ ዙሪያውን ከከረጢት ሰጋቱራ እየዘገነ ሞላበት። ክዳኑን ገጥሞ በሲባጎ አሠረ፤ ላዩ ላይ ቀይ ወረቀት ለጠፈ። በእጅ ሚዛን አንጠልጥሎ ሦስት ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ብሎ ጻፈ። ወረቀቱ ሦስት ቅጂ ነው።

"እንግዲህ ይስሙኝ" አለ። "መኪናዬ ሰበታ ላይ ተሰብራ ቀርታለች። እኔ ነገ ማለዳ ቡራዩ መድረስ አለብኝ፤ እዚያም ሁለት ላሞች ታመዋል ተብሏል። አውሮፕላኑ ነገ አምስት ሰዓት ላይ ይነሣል፤ የሚቀጥለው ማክሰኞ ነው። እስከዚያ ሥጋው ይበላሻል። ስለዚህ የሚያደርሱት እርስዎ ነዎት።"

"እኔ?"

"ቦሌ፣ ጭነት ክፍል። ከአራት ሰዓት በፊት። ከመነሣትዎ በፊት እግርዎን በዚህ መድኃኒት ይታጠቡ፣ ልብስ ይለውጡ። ሣጥኑን ፀሐይ አያግኘው፣ አይገልበጥ። እኔ ክብደቱን ጨምሬ ለናይሮቢ ቴሌግራም እመታለሁ። ወረቀቱ ላይ የቡራዩ ፖሊስ ጣቢያን ስልክ አስፍሬያለሁ፤ ላኪ የሚገኝበት ስልክ ይጻፋል ይላል ደንቡ።"

ኦቦ ቀጄላ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከነገሩ ግማሹን ይዘዋል፤ ግማሹ አምልጧቸዋል።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሚስታቸው ወርቅቱ ከሣጥኑ ፊት ቆመች። ቀኑን ሙሉ ከቤት ሆና ስታይ ውላለች።

"አባ ገለቴ" አለች። የልጃቸው የገለቴ አባት ማለቷ ነው፤ የባሏን ስም ጠርታ አታውቅም። "ይኼ ሣጥን ለማን ነው የሚሄደው?"

"ለናይሮቢ ሰዎች።"

"በከብቶቻችን ላይ ለሚፈርዱት?"

"ለእነሱ።"

"እና የምንልክላቸው ሰጋቱራ ነው?"

ኦቦ ቀጄላ ሣጥኑን አዩት። እስካሁን በዚህ በኩል አላሰቡትም ነበር።

"እሱ ነው የሞላው፤ ገብረየስ።"

"ገብረየስ የመንግሥት ሰው ነው፤ ምን ቸገረው። ሣጥኑ የወጣው ግን ከአንቱ ቤት ነው። ባዶ እጁን የሄደ ድኻ ነው ይባላል። ሰጋቱራ የላከ ግን ምን ይባላል? ንቆናል ይላሉ። ከፍተው ሰጋቱራ ካዩ በኋላ ነው ስለ ጉራቻና ስለ ዳለቻ የሚጽፉት?"

እውነቷን ነው። ከዚህ ቤት ዕቃ ባዶውን ወጥቶ አያውቅም። የተዋሱት ወንፊት እንኳ ሲመለስ ጭብጥ እህል ይደረግበታል። በረት የሚያዘጋ፣ በሬ የሚያስገድል ሰው ዘንድ ሰጋቱራ መላክ ምን ዓይነት ድፍረት ነው? ገብረየስ አትክፈቱ ያለው ጣሳውን ነው፤ መታ መታ አድርጎ ያሳየው ጣሳውን ነው። ሣጥኑማ ሲባጎ ነው ያለው።

ሲባጎውን ፈቱ። ሰጋቱራውን ከጓሮ ደፉት። ጣሳውን ወርቅቱ አልነካችም፤ እሳቸውም በጨርቅ ይዘው ነው ያወጡት። ለእርሻው ደቦ ተቆልቶ የተቀመጠ የገብስ ቆሎ ነበር፤ የተለቀመ፣ የተፈተገ። እሱን በዙሪያው ሞሉት።

"ቅቤስ ትንሽ ብናደርግ?" አለች።

"ቅቤ ይቀልጣል። በጣሳው ላይ ይፈስና ሌላ ጣጣ ያመጣል።" ይህን በማሰባቸው ደስ አላቸው። ደንብ የሚሉት ነገር እየገባቸው የመጣ መሰላቸው።

ሣጥኑን ወዘወዙት። ጣሳው ንቅንቅ አላለም። ሲባጎውን እንደነበረ አሠሩ።

"አሁን ሰው ለሰው የላከው መሰለ" አለች ወርቅቱ።

ኦቦ ቀጄላ ማለዳ እግራቸውን ታጥበው፣ ለበዓል የሚያወጡትን ጋቢ ለብሰው መንገድ ዳር ቆሙ። ከጫንጮ የሚመጣው አውቶቡስ ሲደርስ ትኬት ቆራጩ ሣጥኑን ለመቀበል እጁን ዘረጋ።

"ከላይ ፖርቶመጋላው ላይ ይወጣል።"

"አይወጣም። ፀሐይ አያግኘው ተብሏል።"

"ፀሐይ የት አለ? ደመና ነው!"

"ፀሐይ ቢወጣስ?"

ትኬት ቆራጩ ሳቀና ተዋቸው። አጠገባቸው የተቀመጡት አንዲት ሴት ቀዩን ወረቀት ሲያዩ ቆዩ።

"አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ፣ ኦቦ። ዕንቁላል ነው?"

"አይደለም።"

"ለማን ነው?"

"ለናይሮቢ።"

"ናይሮቢ የማን ልጅ ነው?"

ኦቦ ቀጄላም ቢሆኑ ከአገር ስምነቱ በቀር የሚያውቁት የለም። የእንጦጦን ቁልቁለት ሲወርዱ ሣጥኑን በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ ስለ ከብቶቻቸው የማያውቁት አገር ለምን እንደሚጠየቅ ሲያወጡና ሲያወርዱ ሄዱ።

ቦሌ ሲደርሱ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ጭነት ክፍል ውስጥ አሥራት የሚባል ሰው ተቀምጧል። መነጽር አድርጓል፤ የሸሚዙን እጅጌ በላስቲክ ሰብስቧል። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አነበበ።

"ላኪው እርስዎ ነዎት?"

"አምጪው ነኝ።"

"ተከፍቷል?"

"አልተከፈተም።" ጣሳው አልተከፈተም። ውሸት አልነበረም።

አሥራት ሣጥኑን ሚዛን ላይ አኖረ። ቁጥሩን አየ፤ ወረቀቱን አየ። አውርዶ እንደገና አኖረ። ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

"አባቴ፣ ወረቀቱ ሦስት ኪሎ ከአራት መቶ ይላል። ይኼ አራት ኪሎ ከሁለት መቶ ነው።"

"የከተማ ሚዛን ይሆናል።"

"ኪሎ ከተማም ገጠርም አንድ ነው። ስምንት መቶ ግራም ከየት መጣ? ትናንት ተመዝኖ ዛሬ ከበደ? ሣጥን አያረግዝ!"

ኦቦ ቀጄላ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ስለ ቆሎው መናገር ነበረባቸው፤ ግን እንዴት? ስጦታ ከመድረሱ በፊት በመንገድ ላይ እንዲህ ይዣለሁ ተብሎ አይለፈፍም። ደግሞስ ይህ ሰው የሚመዝነው በሽታውን አይደለም እንዴ? የቆሎ ክብደት ምን ያደርግለታል?

"ይለፍ፤ ትርፉን ልክፈል" አሉ።

"የክፍያ ጉዳይ አይደለም። ይዩት ይህን ቀይ ወረቀት፤ በሽታ አለበት ማለት ነው። ክብደቱ በቴሌግራም ተነግሯቸዋል። የተለየ ክብደት ይዞ ከደረሰ ተከፍቷል፣ ወይም ፈስሷል ብለው ሳይነኩ ያቃጥሉታል። እኔም አልጭንም።"

"ያቃጥሉታል?"

"እንዳለ።"

ኦቦ ቀጄላ ቀዩን ወረቀት አዩት። በሽታ አለበት የሚል ወረቀት ለምን ይለጠፍበታል? በሽታ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ አይደል የሚሄደው? ከታወቀ ለምን ይሄዳል? ካልታወቀ ማን ጻፈው? ይህን ሁሉ ሊጠይቁ አፋቸውን ከፈቱ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ግን ይሄዳል፤ አፋቸውን መልሰው ዘጉ።

"ልጄ፣ ይህ ሣጥን ካልሄደ ስድስት ከብት በጥይት ይመታብኛል። ሁለቱ በሬዎች ናቸው። ሌላ በሬ የለኝም።"

አሥራት መነጽሩን አወለቀ፤ ጠረገ፤ መልሶ አደረገ። ወረቀቱ ላይ ያለውን ስልክ አይቶ መዘወሩን ጀመረ። ቡራዩ ፖሊስ ጣቢያ ተገኘ። ገብረየስ ሁለተኛዋን ላም እያየ ነው ተባለ። ይጠራ ተባለ። ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ስልኩ ውስጥ የሚያለከልክ ድምፅ ሲሰማ አሥራት ጥቂት ነግሮት ለኦቦ ቀጄላ ሰጣቸው።

"ኦቦ ቀጄላ! ሣጥኑ ውስጥ ምን ገባ?"

"ምንም።"

"ስምንት መቶ ግራም የሚመዝን ምንም የለም!"

ኦቦ ቀጄላ ጀርባቸውን ለአሥራት ሰጥተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ቆሎ ነው።"

"ምን?"

"የገብስ ቆሎ። ወርቅቱ ናት... አይ፣ እኔም አለሁበት።"

"ሰጋቱራውስ?"

"ደፋነው።"

"ለምን?"

"ሰጋቱራ ለሰው አይላክም፣ አቶ ገብረየስ።"

ከበስተኋላ ፖሊሶቹ ሲያወሩ ይሰማል። ገብረየስ ሲናገር ቁጣው በርዶለት ነበር።

"ኦቦ ቀጄላ፣ ሰጋቱራው ስጦታ አይደለም። ብልቃጡ ቢሰበር፣ ጣሳው ቢቀደድ፣ የሚወጣውን ውሃ የሚጠጣው እሱ ነው። ወደ ሰው እንዳይደርስ። ቆሎ አይጠጣም።"

ከሁሉ ነገር ይህቺ ብቻ ገባቻቸው። ውሃ የሚጠጣ ነገር ነው የተፈለገው። ለምን እንዲህ አላላቸውም?

አሥራት ስልኩን ተቀብሎ ተነጋገረ። ነገሩ ለእሱም ቀላል አልሆነለትም። ደንቡ ላኪው ብቻ ይከፍታል ይላል። ላኪው ስልክ ላይ ነው፤ እጁ ግን ቡራዩ ነው። ደብተሩን ገለጠ፤ ከደነ፤ እንደገና ገለጠ። በመጨረሻ ወረቀት ስቦ "በላኪው ትእዛዝ፣ በአምጪው እጅ ተከፈተ" ብሎ ጻፈና የቀለሙን ሰሌዳ ገፋላቸው። በአውራ ጣታቸው ፈረሙ። በዚህ ሳምንት ሁለተኛቸው ነው።

"እዚህ አይከፈትም፤ ውጭ" አለ። እሱ ራሱ ነፋሱን ወደ ኋላው አድርጎ አሥር እርምጃ ርቆ ቆመ። "ቆሎው እዚያ በርሜል ውስጥ ይገባና ይቃጠላል።"

"ንጹሕ ነው እኮ! ጣሳውን ብቻ ነው የነካው።"

"ጣሳው ነው ችግሩ፣ አባቴ!"

ቆሎውን ሲገለብጡት ወርቅቱ ስትለቅመው የዋለችበት ቀን ትዝ አላቸው። ጣሳውን መልሰው አስቀመጡ፤ ዙሪያው ባዶ ቀረ፤ ሲመዘን ሦስት ኪሎ ሆነ።

"ሰጋቱራ አለ?" አሉ።

"ቦሌ ላይ አናጢ የለም። ጥጥም የለኝም። ውሃ የሚጠጣ ነገር ይፈልጉ። ግን ከአራት መቶ ግራም አይበልጥ፣ አያንስ። ለአራት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ነው።"

ኦቦ ቀጄላ ግራ ቀኝ አዩ። አስፋልት፣ ቆርቆሮ፣ በርሜል። ከዚያ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።

ያቺ ጋቢ ገለቴ ስታገባ የተሠራች ናት። ከብት ያለበት ለብሰዋት አያውቁም፤ ቤት፣ የልብስ ሣጥን ውስጥ ነው የምትቀመጠው። አሥራት ከጠረጴዛው መቀስ አምጥቶ መሬት ላይ አኖረላቸውና ተመልሶ ራቀ። ከጫፉ ቆረጡ። ጣሳውን ዙሪያውን ጠቀጠቁ። ከደኑ።

ሚዛን ላይ ሲወጣ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ሆነ። ወደ ውጭ ወጥተው እንደገና ቆረጡ። ሦስት ኪሎ ከአምስት መቶ። አወጡ። ሦስት ኪሎ ከሦስት መቶ ሰባ። አሥራት ራሱ ግራ ገብቶት መነጽሩን ግንባሩ ላይ አውጥቶ ወደ ሚዛኑ ቀርቦ ነበር፤ አሥር እርምጃውን ረስቷል።

"መዳፍ የምታህል ትጨመር" አለ።

መዳፍ የምታህል ቆረጡ። መርፌው ወዲያና ወዲህ ብሎ ሦስት ኪሎ ከአራት መቶ ላይ ቆመ።

"በእጅዎ አይንኩ!" አለ አሥራት። የነካ ግን አልነበረም።

ማኅተሙን መታ። የደረሰኙን ቅጂ ሰጣቸው። አራት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ሲወጡ በርሜሉ እየጨሰ ነው፤ ያረረ ገብስ ይሸታል።

ቤት ሲገቡ ወርቅቱ መጀመሪያ ያየችው የጋቢውን ጫፍ ነው።

"አይጥ በላብዎት?"

"ናይሮቢ ሄደ" አሏት። የሆነውን ሁሉ ነገሯት፤ የሚያውቁትን ያህል። ቆሎው ተቃጠለ ሲሉ ፊቷን አጠቆረች።

ቀን መቁጠር ተጀመረ። በአምስተኛው ቀን ነገሳ እርሻውን ጨረሰ። በስምንተኛው ቀን ጥጃው አስነጠሰና ኦቦ ቀጄላ እስኪመሽ ከአጠገቡ አልተነሡም። በአሥረኛው ቀን ዝናቡ ደጋገመው። ማሳው ሳይታረስ አረም አበቀለ። ዳለቻ በአጥሩ ላይ አንገቱን ማውጣቱን ትቶ ተኛ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የገብረየስ ላንድሮቨር ከበሩ ቆመ። ሲወርድ ፊቱን አዩት፤ ከፊቱ የሚነበብ ነገር አላገኙም። እጁ ላይ አንድ ወረቀት አለ።

"ደስታ አይደለም" አለ።

ኦቦ ቀጄላ አልተንቀሳቀሱም።

"ሰሙኝ? አይደለም። በሩ ይከፈት።"

"ታዲያ ምን ገደላት?"

ገብረየስ ወረቀቱን ገለበጠ፤ ጀርባውን አየ።

"እሱን አልጠየቅናቸውም። የጠየቅነው ደስታ ነው ወይ ብለን ነው። አይደለም አሉ። ምን ገደላት ካልን ሌላ ሣጥን ነው።"

"ይቅር" አሉ ኦቦ ቀጄላ።

"ሌላም ጽፈዋል።" ገብረየስ ማንበቡን ሲቀጥል ከንፈሩን ነከሰ። "ማሸጊያው በእጅ የተሠራ የጥጥ ጨርቅ ሆኖ ተገኝቷል፤ በደንቡ መሠረት ተቃጥሏል። በሣጥኑ ማዕዘን አሥራ አራት ፍሬ ገብስ ተገኝቷል። በወረቀቱ ላይ ያልተመዘገበ ስለሆነ ገብሱም ተመርምሯል። ምንም በሽታ አልተገኘበትም። የተቆላ ነው።"

"ቆጠሩት?" አሉ ኦቦ ቀጄላ።

"ቆጥረውታል።"

"ለምን?"

ገብረየስ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ወርቅቱ ከደጃፉ ቆማ ስትሰማ ነበር። ከዚያች ቀን ወዲህ ፊቷ ሲፈታ ኦቦ ቀጄላ ያዩት አሁን ነው።

"እንግዲያው ደርሷቸዋል" አለች።

ኦቦ ቀጄላ ወደ በረቱ ሄደው ቀዩን ጨርቅ ፈቱ። ልጣለው ብለው አሰቡ፤ መጣሉ ይፈቀድ እንደሆነ ግን እርግጠኛ አልነበሩም። አጣጥፈው ለገብረየስ ሰጡት። ከዚያ መዝጊያውን አነሡ።

በሩ ተከፍቶም ከብቶቹ ቆመው ያዩ ነበር። ኦቦ ቀጄላ የቀረችውን ጋቢ ወገባቸው ላይ አሥረው ቀንበሩን ከግድግዳው አወረዱ። ጉራቻ የቀንበሩን ድምፅ ሲሰማ ቀድሞ ወጣ።